ያልነገርኋቸው ደንብ

አማቴን ኳስ ሊያጫውቷቸው መሆኑን የሰማሁት ከበር ኋላ ቆሜ ነው። የጣሊያኖቹ አዛዥ ካፒታኖው ቁርሱን በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ ለማርሻሎው ሲያወራ ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣ ነበር። ያ ሽማግሌ ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ጠንቶ አሰልችቶኛል፤ ዛሬ ይግባና እንጫወት፤ ሦስት ኳስ ቀዳዳ ውስጥ ከከተተ የልጁን ስም ከዝርዝሩ እሰርዛለሁ፣ ካልሆነለት ልጁ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ይጫናል፤ አለ። ማርሻሎው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ። ጌቶቼ ሲስቁ ፊቴ እኔን ሳያስፈቅድ የሚፈግግበት ልማድ አውጥቶ ነበርና ማንም በማያየኝ ቦታ እንኳ አልተወውም። ጣሊያን ቡሬ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እኔ የሽዋስ የግቢው አስተርጓሚ ነበርሁ። ሽማግሌው የተባሉት የባለቤቴ የቻይነሽ አባት አያ ዳኘው ናቸው። ልጁ ደግሞ የቻይነሽ ታናሽ ወንድም ደረሰ ነው፤ ለአርበኞች ሁለት አህያ ጤፍ ጭነሃል ተብሎ ከታሰረ ሳምንት ሆኖታል። በዚያ መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ተጭኖ የተመለሰ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልታየም።

ዝምድናችንን ግቢው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረው አስተርጓሚ አንድ ቃል ደብቀሃል ተብሎ በገበያ መካከል አርባ ኩርባጅ ተገርፎ ተባሯል። ሲገርፉት ቆሜ አይቻለሁ፤ ሥራውን የተረከብሁትም በማግስቱ ነው። እነሱ ወንበዴ የሚሉትን ሰው እህት ማግባቴ ቢታወቅ ምን እንደሚቆየኝ ስለገባኝ፣ ደረሰ የታሰረ ዕለት አፌን ዘጋሁ። አማቴ ከቋሪት ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ቤቴ ሲያርፉ፣ እንዳላወቁኝ እንዲሆኑልኝ እንዴት ብዬ እንደምለምናቸው ሳሰላስል እሳቸው ቀድመው ገላገሉኝ። እግራቸውን እየታጠቡ፣ በግቢው ስታየኝ እንዳላየ እለፈኝ፣ እንጀራህን አላበላሽብህም አሉኝ። እኔም ለወጉ ያህል እንኳ ይህ እንዴት ይሆናል አላልሁም።

ቤታችን አንዲት ክፍል ነበረች። መደቡን ለአማቴ ለቀን እኔና ቻይነሽ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈን እንተኛ ነበር። ደመወዜ በወር ዘጠና ሊሬ ነው፤ ገበያ ወርጄ ለባላገሩ ሊሬ ስሰጠው ግን ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ ይመልስልኛል፤ ለጤፉ የሚሻው ጠገራ ብር ነው። ስለዚህ ከጣሊያኑ ሱቅ በሁለት ሊሬ ነጭ ሳሙና እገዛበታለሁ፤ ጓዳችን ባዶ ሲሆን የእኔ ሸሚዝ ግን በቡሬ ከሚታየው ሸሚዝ ሁሉ የነጣ ነበር። በእነዚያ ሦስት ምሽቶች ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ቋሪት ሰው ጤንነት ተጫውተናል። አማቴ አንድም ጊዜ ጠይቅልኝ አላሉኝም፤ እኔም ልጠይቅልዎት አላልሁም። እሳቸው ከእኔ እንዲመጣ ይጠብቃሉ፤ እኔ ደግሞ እስኪለምኑኝ እጠብቃለሁ። ቢለምኑኝ እሺ እል እንደነበር ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የደረሰ ስም የተነሣ እንደሆነ ቻይነሽ ብድግ ብላ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ ሦስታችንም ወደ እሳቱ እናያለን።

እንግዲህ ካፒታኖው አስገባው ብሎ ሲልከኝ ወደ በሩ ወጣሁ። ሠላሳ የሚሆን ባለጉዳይ ከዋርካው ሥር ተቀምጧል። አማቴ ከሰዉ ፈንጠር ብለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ይጠብቃሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ከቋሪት የመጣ ሽማግሌ የቱ ነው? ተነሥ፣ ትፈለጋለህ» አልሁ። ሳይቀድሙኝ የማልቀመጠውን፣ አንቱ ብዬ እንኳ ቀና ብዬ የማላያቸውን ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንተ አልኋቸው። እሳቸው ግን «እኔ ነኝ፣ ጌታው» ብለው ተነሡ። ጌታው ያሉት እኔን ነው። ጠባቂዎቹን አልፈን ለብቻችን ስንሆን ነገሩን ባጭሩ በሹክሹክታ ነገርኋቸው።

«ሩር መምታት ነው? በዱላ?» አሉኝ።

አዎ ግን ጠረጴዛ ላይ ነው አልኋቸው። ጥቂት አሰቡ። በጉብዝናቸው ጊዜ ለገና ጨዋታ ሁለት ደብር የሚሻማባቸው መቺ እንደነበሩ ቻይነሽ አጫውታኛለች። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ይሄኛው ይቆጣ እንደሆን እንጃ አሉና በትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ገቡ።

ክፍሉ የአንድ የተሰደደ ባላባት እልፍኝ ነበር። አሁን መሬቱ ጣውላ ለብሷል፤ ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፤ ከመካከሉ ያ ጠረጴዛ ተንሰራፍቷል። ከአረንጓዴው ጨርቅ በታች ያለው ደንጊያ ነው። በክረምት መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀር አርባ ባላገር ተገዶ በሸክም አምጥቶታል፤ አንዱም ወገቡ ተሰብሮ እስካሁን አልጋ ላይ ነው። ጨርቁ ልስልስ ያለ ምርጥ ሱፍ ነበር፤ በቡሬ ሙሽራ እንኳ የእሱን ዓይነት ለብሳ አታውቅም። ማርሻሎው፣ የግምጃ ቤቱ ሹም፣ በጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ጠመኔ ይዞ ቆሟል። በሩ ላይ አማርኛም ጣሊያንኛም የሚሰማ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ካፒታኖው እጅጌውን ሰብስቦ ደንቡን እየቆረጠ ይነግረኝ፣ እኔም እያቀናሁ ለአማቴ አስተላልፍ ጀመር።

ደንቡን ስንት ጊዜ ሲጫወቱት ቆሜ ስላየሁ እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤው ነበር። ጠረጴዛው ስድስት ቀዳዳ አለው፤ አራቱ በማዕዘን፣ ሁለቱ በጎን። ባለ ቀለሞቹ ኳሶች ዐሥራ አምስት ናቸው፤ በዱላው የምትመታው ግን ነጯ ብቻ ናት። ነጯ ሄዳ ባለ ቀለሟን ትገጫለች፣ ባለ ቀለሟም ቀዳዳ ትገባለች። ያስገባ ይደግማል፤ የሳተ ተራውን ለባለጋራው ይለቃል። ነጯ ራሷ ቀዳዳ የገባች እንደሆነ ግን ቅጣት ነው፤ ካስገባኸው አንዷ ወጥታ ወደ ጠረጴዛው ትመለሳለች። ካፒታኖው ስምንት፣ አማቴ ሦስት ቀድመው ካስገቡ ያሸንፋሉ። አማቴ እያንዳንዱን ደንብ ስነግራቸው ቃሉን አንድ በአንድ ይመልሱልኛል። ቋሪት ውስጥ የወሰን ክርክር ሲነሣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከሦስት ትውልድ በፊት የተተከለው የወሰን ደንጊያ ከየትኛው ግራር ሥር እንደነበር አያ ዳኘው ከተናገሩ ዳኛ ሌላ ምስክር አይሻም። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ ነጯ ሁሉን ትመታለች፣ እሷን ጉድጓድ ማስገባት ግን ያስቀጣል በለኛ አሉ። አስካሪው ከበሩ ሳል ሳል አለ። ካፒታኖው ምን አለ ሲለኝ፣ ደንቡ ገብቶኛል ነው ያለው አልሁት።

በዚህ እኮራ ነበር። ከጣሊያኑ አፍ የወጣ ስድብ በእኔ በኩል ባላገሩ ጆሮ አይደርስም፤ ከባላገሩ አፍ የወጣውም ለጣሊያኑ አይደርስም። ያንን መግፈፍ እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር። ስለዚህ ካፒታኖው ጨዋታው ሊጀመር ሲል ወደ አማቴ እጆች በአገጩ እየጠቆመ፣ «ንገረው፤ ያንን ከብት ሲዳብስ የኖረ ቆሻሻ እጁን ከኳሶቼ ያርቅ። ጠረጴዛ ላይ ያለች ኳስ በእጁ የነካ ያን ጊዜውኑ ተሸንፏል» ሲለኝ ወደ እነዚያ እጆች አየሁ። አማቴ እጃቸውን በነጭ ሳሙናዬ ታጥበው ነበር የመጡት። እንዴት ብዬ እጅዎ ቆሻሻ ነው ልበላቸው? ደንቡን ከስድቡ ለይቼ ልነግራቸው ስል ደግሞ ሁለቱ አንድ ላይ ተሰፍተው አልላቀቅ አሉኝ። በኋላ እነግራቸዋለሁ፣ አሁን ፊታቸውን እያየሁ አይሆንልኝም ብዬ፣ «እግዜር ይርዳዎት ይላሉ» አልኋቸው። አስካሪው ያን ጊዜ ለአንድ መኮንን በር ሊከፍት ወጣ ብሎ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔን ያጠፋኝ ግን ሳልናገረው የቀረው ነው።

ካፒታኖው ጀመረ፤ ሁለት አስገብቶ ሦስተኛዋን ሳተ። አማቴ ዱላውን እንደ ገና ዱላ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነጯን ሲመቷት ከጠረጴዛው ዘላ ወርዳ ከማርሻሎው ጫማ ሥር ገባች። ሳቁ። ያን ጊዜም ማርሻሎው ራሱ ጎንበስ ብሎ አነሣትና ቦታዋ አኖራት፤ ኳስ በእጅ መንካት እንደሚፈቀድ አማቴ በዓይናቸው አይተዋል ማለት ነው፣ መሬት የወደቀችው ለብቻ ደንብ እንዳላት ማን ይንገራቸው? በሁለተኛው ተራቸው ካፒታኖው ዱላውን እንዴት በጣቶቹ መካከል እንደሚያሳልፍ ካዩ በኋላ ያንኑ አደረጉ። ጎንበስ አሉ፤ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ቢጫዋ ኳስ ሄዳ ማዕዘኑ ቀዳዳ ውስጥ ገባች። የሚስቅ አልነበረም። ካፒታኖው ስድስት ሲደርስ እሳቸው አረንጓዴዋን ጨመሩና ሁለት ሆኑ። ደንቡን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ጠጋ ብዬ ነበር፤ አስካሪው ግን ከቦታው ተመልሷል፣ ቀድሞ ያልነገርሁትን አሁን ስነግር ይሰማኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም እየገባላቸው ነበር። አማቴ የሚያሸንፉ መሰለኝ፤ ካሸነፉ ያልተነገረው ሳይነገር ይቀራል፣ ቻይነሽም ዛሬ ማታ ወንድሟን ታቅፋለች ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ቀይዋን መቱ። ሄዳ ከጎኑ ቀዳዳ አፍ ላይ ቆመች፤ ሰው እፍ ቢላት የምትገባ ነበረች። ተራው የካፒታኖው ነው፤ ስድስት አለው፣ ሁለት ይቀረዋል። ቀጥሎ ለአማቴ ከደረሰ ግን ነገሩ አልቋል። ነጯ ተንከባልላ መጥታ አማቴ የቆሙበት ጠርዝ ዘንድ፣ ከሆዳቸው አንድ ስንዝር ርቃ ቆማለች። ካፒታኖው ከማዶ በኩል የዱላውን ጫፍ ሊቀባ ፈልጎ፣ ጠርዙ ላይ ወዳለው ጠመኔ እጁን ዘረጋ። አማቴ ያንን የተዘረጋ እጅ አዩ። በእኛ አገር ተረኛው የሚሻው ዕቃ በፊትህ ሳለ፣ ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅህ ዝም ብለህ አትቆምም፤ ጠላትህም ቢሆን በቤቱ ቆመህ ይህን አትነፍገውም። ነጯን ኳስ አነሷት፤ በግራ እጃቸው የቀኝ ክንዳቸውን ደገፍ አድርገው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በጠረጴዛው ላይ አሻግረው አቀረቡለት።

ካፒታኖው አልተቀበላቸውም። ኳሷን፣ ቀጥሎ ማርሻሎውን አየና መሳቅ ጀመረ። ማርሻሎው በሰሌዳው ላይ የአማቴን መስመር በጠመኔ ሰረዘ። አማቴ እጃቸው እንደተዘረጋ ወደ እኔ ዘወር አሉ። ኳስ በእጅ የነካ ይሸነፋል ነው የሚሉት አልኋቸው። ኳሷን ቀስ ብለው አስቀመጧት። ማርሻሎው እንግዲህ ሰውየው ምናልባት አልተነገረው ይሆናል አለ፤ ለርኅራኄ ይሁን ለጨዋታው ብሎ አላውቅም። ካፒታኖው ሳቁን አቋርጦ አየኝ።

«ነግረኸዋል ወይስ አልነገርኸውም?»

አልነገርሁትም ብል ጨዋታው ፈርሶ ይደገም ነበር፤ ቀይዋም ከቀዳዳው አፍ ላይ ናት። ይህንን በዚያች ቅጽበት አውቄዋለሁ፣ አልገባኝም ነበር ብዬ ራሴን ላታልል አልችልም። የታየኝ ግን ደረሰ አልነበረም፤ የዚያ የቀድሞው አስተርጓሚ ጀርባ ነው። «አዎ ጌታዬ፣ ነግሬዋለሁ» አልሁ። ካፒታኖው ይህ አልበቃውም፤ ራሱን ጠይቀው፣ በል ጮክ ብለህ ጠይቀው አለኝና ወደ አስካሪው በዓይኑ ጠቀሰ። አስካሪው ሁለት እርምጃ ቀረበ። እኔም ጮክ ብዬ፣ ኳስ በእጅህ እንዳትነካ ነግሬህ እንደነበር ተናገር ይሉሃል አልኋቸው።

አማቴ ወደ ጫማዬ፣ ወደ ሸሚዜ፣ ከዚያ ወደ ፊቴ አዩ። በዚያ ዓይን ውስጥ ቁጣ ባገኝ ኖሮ ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር። ያየሁት ግን ልጅ ሲወድቅ አይቶ ሊያነሣ የሚጎነበስ ሰው ዓይን ነው።

«ነግሮኛል» አሉ ለአስካሪው። «የረሳሁት እኔ ነኝ። እርጅና ነው፣ ይዘነጋኛል በላቸው።»

አስካሪው ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ አስተላለፈ። ካፒታኖው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ታማኝ ነህ፣ ዛሬ በጊዜ ወደ ቤትህ ሂድ አለኝ።

በዘጠኝ ሰዓት ዐሥራ አንድ ሰው ሁለት ሁለት እየታሰረ ተጫነ። አማቴ ከዋርካው ሥር ቆመዋል፤ እኔ ከእሳቸው ሃያ እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ደረሰ አባቱን ሲያይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣቸው፤ እኔን ሲያይ ግን ዓይኑን እንደማያውቀኝ ሰው አሳልፎ ወደ ሌላ ዘወረው። እሱም ሊያድነኝ ነው፤ ቤተ ሰቡ በሙሉ የእኔን ፍርሃት እንደ እንቁላል ተሸክሞልኝ ነበር። አማቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ወደ መኪናው ወረወሩለት። መኪናው ከታጠፈ በኋላ በእጀ ጠባባቸው ብቻ ወደ ቤት አቀኑ፤ እኔም ከከተማው እስክንወጣ ድረስ ከኋላ ከኋላ ተከተልሁ። ደረስሁባቸውና አባቴ ብዬ ጀመርሁ። ጤፉ ዘንድሮ ዘገየ፣ ዝናቡ ቶሎ ካልቆመ ይበላሻል አሉኝ።

ለቻይነሽ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ደጃፉ ላይ እንደቆሙ፣ እኔ አፌን ሳላላቅቅ፣ ጨዋታውንም ሦስቱን ኳስም፣ የሽዋስ ደንቡን አሟልቶ ነግሯቸው ሳለ እሳቸው ዘንግተው እጃቸውን እንደሰደዱም ነገሯት። መጀመሪያ አላመነችም። አባቷ አንድ ነገር ሲረሱ አይታ አታውቅም። ከዚያ ባመነች ጊዜ ግን በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ በአባቷ ላይ ድምፅዋን አነሣች።

«ምን አስነካዎት፣ አባዬ? የነገረዎትን አንዲት ነገር መያዝ አቃተዎት? ልጅዎን'ኮ በገዛ እጅዎ ሰጡት።»

«እውነትሽን ነው ልጄ» አሉና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ወረዳ ቃላቸውን የሚጠብቅ ሰው ከሴት ልጃቸው ፊት አንገታቸውን ደፉ። እሷ አለቀሰች፤ አባቷን ስለ ተናገረች ደግሞ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነሥታ ምናልባት ዛሬ ይፈታል ብላ ለወንድሟ የሠራችውን ሽሮ፣ የነበረችንን ቅቤ ሁሉ ያፈሰሰችበትን፣ ገበታው ላይ አቀረበች። መልካሙን ወደ እኔ በኩል አደረገችው። አንተማ የምትችለውን አደረግህ፣ ብላ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ውለሃል አለችኝ።

ይህን አልቻልሁትም። እጄን ሰበሰብሁና «ቻይነሽ» አልሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ልነግራት ነበር፤ በዚህ እንኳ ሰው ይመነኝ፣ ቃሉ ከጥርሴ ደርሶ ነበር። አማቴ ያን ጊዜ ዳጎስ ያለ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ አቀረቡ። ጉርሻ፣ ይልቁንም ከአማት እጅ፣ እምቢ አይባልም። ጎረስሁ። እያላመጥሁ ሳለሁ ቻይነሽ ዓይኗን ከእኔ አንሥታ ወደ እሳቱ አዞረች፤ እኔም፣ የማፍረው ከሁሉ በዚህ ነው፣ እፎይ አልሁ። አማቴ እስክውጥ ጠበቁኝ።

«አንድ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። እኔም አፌን ከፈትሁላቸው።